የዓባይነህ ምሳ በ"ሙሉ ሰሃን"

በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ዓባይነህን የማያውቅ ሰው ካለ መንገደኛ ነው። መንገደኛም ቢሆን ዓባይነህ ሳያሳድረው ስለማይለቀው ሲነጋ ያውቀዋል። ዓባይነህ ድንች ያመርታል፤ ገብስ ይዘራል፤ አንድ ዳማ ፈረስ አለው። በዚህ ሁሉ ከጎረቤቶቹ አይለይም። የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ስልሳን ሊደፍን ጥቂት በቀረው ዕድሜው የቀረበለትን ነገር "አልወደድኩትም" ብሎ አያውቅም። ሌላውን ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፣ መልሶም ይለቀዋል። ዓባይነህን ግን በልጅነቱ እንደያዘው ቀረ።

አንድ ጊዜ በተዝካር ቤት ጠላው ሆምጥጦ ኖሮ ሰው ሁሉ አሳቻ እየጠበቀ ከመደቡ ሥር ሲደፋ፣ ዓባይነህ ብቻ "እሰይ፣ ጠላ ማለት እንዲህ ነው" አለ። ባለቤቲቱ ደስ ብሏት ቀኑን ሙሉ ለእሱ ብቻ ስትቀዳለት ዋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንጅባራ ፀጉሩን ሊስተካከል ገብቶ ጀማሪው ፀጉር ቆራጭ እጁ ስቶ ግራ ጎኑን ላጨው። "እንዴት ነው?" ሲለው "እሰይ" አለው። ልጁም እንግዲያውስ ብሎ ቀኙን ደገመው። ዓባይነህ ራሱን ተላጭቶ ሲገባ ያየ ጎረቤት ሐዘን የደረሰበት መስሎት እየተጠራራ ሊያስተዛዝነው መጣ። ምን ይበላቸው? እስኪጨርሱ ድረስ አብሯቸው አለቀሰ።

ሚስቱ ማናለብሽ አፏ እንደ ልቧ የሆነ ሴት ናት። "የኔ ባል ገነትም ቢያስገቡት ሲኦልም ቢያስገቡት የሚላት አንዲት ቃል ናት" ትላለች። "መላእክቱ ግራ ይጋባሉ።"

እነዚህ ባልና ሚስት አንዲት ሴት ልጅ አላቸው፤ ማስተዋል ትባላለች። እንጅባራ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እዚያው ከተማ ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠግን ብሥራት የሚባል የዳንግላ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ፤ እሺ ተባለ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። የብሥራት አባት አቶ አዝመራው ሚስታቸው ያረፈችባቸው፣ ዕድሜያቸውን በዳንግላ ገበያ በእህል ንግድ ያሳለፉ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከዓባይነህ ጋር በሽምግልናው ዕለት ከሰላምታ ያለፈ አላወሩም። ልጆቹ ታዲያ "አባቶቻችን ዘመድ ከመሆናቸው በፊት ይተዋወቁ" ብለው ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ቅዳሜ ምሳ ጠሯቸው። ማናለብሽም ተጠርታ ነበር፤ ግን ላሟ ለመውለድ ደርሳለች።

"እናንተ ብሉ። እሷ ቀጠሮ አታከብርም" አለች።

ምሳው የተቀጠረው "ሙሉ ሰሃን" ነው። "ሙሉ ሰሃን" ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ቅርንጫፍ ያለው፣ አሁን ደግሞ እንጅባራ አስፋልቱ ዳር ብቅ ያለ የበርገርና የፒዛ ቤት ነው። ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለው የበርገር ሥዕል ጥጃ ያክላል። ዓባይነህ ከባጃጅ ወርዶ ሥዕሉን አንጋጦ ሲያየው ጠዋት ቁርስ ሳይበላ በመምጣቱ ደስ አለው።

ችግሩ የጀመረው ከወንበሩ ነው። ወንበሩ ቀጭንና ረጅም ነው። ከፈረስ ጀርባ ወድቆ የማያውቀው ዓባይነህ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ከወጣም በኋላ እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አቶ አዝመራው ግን ቁመት ስለረዳቸው በክብር ተቀመጡ። ቀጥሎ እጅ መታጠብ መጣ። ማስታጠቢያ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለም። ማስተዋል ጥግ ላይ ያለውን መታጠቢያ አሳየችው። ሄዶ ቢያይ ቧንቧው መክፈቻ የለውም። ዙሪያውን ዳሰሰው፤ ወዲያ ወዲህ አለ፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ እጁን ሲዘረጋ ውኃው በራሱ ፈሰሰ። ዓባይነህ ደንግጦ "እግዜር ይስጥልኝ" አለው።

አስተናጋጇ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ፀደይ የምትባል ፈገግተኛ ልጅ ናት። ለማስተዋልና ለብሥራት የፈለጉትን ጻፈችና ወደ አባቶቹ ዞረች።

"የእናንተ በርገር ኮምቦ ይሁን ነጠላ?"

አቶ አዝመራው ትከሻቸውን ነካ አደረጉ። "ነጠላ አያስፈልገኝም ልጄ፣ ጋቢ ደርቤያለሁ" አሉ።

ብሥራት ሳቁን ዋጥ አድርጎ "ለሁለቱም ኮምቦ ይሁን፣ ከነድንቹ" አላት።

ምግቡ በፕላስቲክ ትሪ፣ ወረቀት ላይ ተቀምጦ መጣ። ዓባይነህ ወደ ማስተዋል ጆሮ ጠጋ ብሎ "ሰሃኑ ኋላ ነው የሚመጣው?" አለ።

"ኧረ ይኸው ነው አባዬ!"

ዓባይነህ ከመስታወቱ በላይ ያለውን ሥዕል አሰበና ትሪውን አየ። ጥጃው ጫጩት ሆኗል። አቶ አዝመራው በዕድሜ ስለሚበልጡ እንዲባርኩ ተጠየቁ፤ ረጅም ምርቃት መረቁ። ዓባይነህ በልቡ "ምናልባት እስኪጨርሱ ይጨመርበት ይሆናል" ሲል አሜን አሜን አለ። አልተጨመረበትም።

ጎረሰ። ዳቦው እንደ ጥጥ ሟሸሸና ጥርሱ ላይ ቀረ፤ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ያውም እንደ ከረሜላ። ሥጋውን በምላሱ ፈለገው። አንድ ጥግ ተጣብቆ አገኘው፤ ዳሩ ለብ ያለ፣ መሐሉ ከዘንገና ውኃ የቀዘቀዘ። ብጫው አይብ ደግሞ ላንቃው ላይ ተለጥፎ አልወርድም አለው። ማወራረጃ እንዲሆነው ድንቹን አነሣ፤ ድንቹ እንደ ራሰ ገመድ ተጠመዘዘበት። ከጎኑ የቀረበውን ቀይ ነገር ሲያይ "ተመስገን፣ አዋዜ አለ" ብሎ ድንቹን ጥልቅ አድርጎ ጠቀሰ። እሱም ስኳር ነው።

ፀደይ አጠገባቸው ቆማ ነበር። "ድንቹን ወደዱት? ከአዲስ አበባ ተቆርጦ በበረዶ ነው የሚመጣልን። የሁሉም ቅርንጫፍ ጣዕም አንድ እንዲሆን ነው" አለች በኩራት።

ዓባይነህ ከጓሮው የቆፈረው ድንች በጆንያ ተደርድሮ ገዢ እየጠበቀ ነው። ግን ልጅቱ ፊቷ በርቶ ስትጠብቅ እንዴት ያጥፋው? "እሰይ" አላት፤ "መንገድ የቀናው ድንች ነው።"

"አባዬ፣ በርገሩስ?" አለች ማስተዋል።

"እሰይ! እሰይ ልጄ!" ብሎ አይቡን ለማላቀቅ ላንቃውን በምላሱ ጧ፣ ጧ አደረገ።

ይህን ያዩ አቶ አዝመራው "ሰውዬው እንዴት ቢወደው ነው እንዲህ የሚያጣጥመው!" አሉ በልባቸው። በአፋቸው ደግሞ "ግሩም ነው" አሉ። ዓባይነህም ይህን ሲሰማ "ለካ የዳንግላ ሰው ይህን ለምዷል" ብሎ አሰበ። አዲስ ዘመድ እየወደደው እሱ ቢያስቀር ነውር ነው።

በዚህ መሐል ዓባይነህ መላ መጣለት። በርገሩን ከፊቱ የሚያነሣለት፣ እንደ ነውርም የማይቆጠርበት አንድ ባህል አለ። ቆረሰና እጁን ወደ አቶ አዝመራው አፍ ዘረጋ። "በሞቴ ይጉረሱልኝ!"

አቶ አዝመራው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ግን ጎረሱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ዓባይነህ ሁለተኛውን አከለ። አቶ አዝመራው የዋዛ ነጋዴ አልነበሩም፤ ነገሩን ቶሎ ተረዱት። እንደዋጡ የራሳቸውን በርገር ቆራርሰው "እኔስ ምን በደልኩ!" እያሉ ሁለት ጊዜ ዓባይነህን አጎረሱት፤ ሦስተኛም ጨመሩ። ማስተዋል ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ ቀረጸቻቸው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ብሥራት ደግሞ ልቡ ተነክቶ "ፀደይ! ለአባቶቻችን ይደገም!" አለ።

ተደገመ።

ሁለተኛውን ዙር እንዴት እንደተወጡት ዓባይነህ ሲናገር አይሰማም። የሚያስታውሰው ከዚያ በኋላ ልጁ የነገረችውን ነው። ማስተዋልና ብሥራት ተያዩና ተሳሳቁ፤ ከዚያ ማስተዋል "አባዬ፣ ልንነግራችሁ ፈርተን ነበር፤ አሁን ግን እንዲህ ስትወዱት ካየን… የሠርጋችንን ምሳ ሙሉ ሰሃን እንዲያዘጋጅልን አስበናል። ድንኳኑ ድረስ ያመጣሉ" አለች።

ዓባይነህ ድንኳኑን በሐሳቡ አየው። ቄሶቹ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ፈረሳቸውን አስጊጠው የሚመጡት ዘመዶቹ፣ ከጥሊሊ የሚመጣው የማናለብሽ ወንድም፣ ሁሉም በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። ዓባይነህን ያያሉ። ምንም አይናገሩም፤ ያያሉ ብቻ።

"እ…ሰይ" አለ።

አቶ አዝመራውም ጉሮሯቸውን ጠርገው "ግሩም ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከጋቢያቸው ሥር የመጣ ይመስል ነበር።

በር ላይ ተሰነባበቱ። ልጆቹ ወደ ሥራቸው ሄዱ። አቶ አዝመራው የዳንግላ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ቸኮሉ። ዓባይነህ "እኔም የምገዛው የፈረስ እርካብ አለኝ" ብሎ በሌላ አቅጣጫ ተለየ። ትንሽ እንደሄደ እግሩ በራሱ ጊዜ ወደ መናኸሪያው ጀርባ ጠመዘዘ። እዚያ በቀርከሃ አጥር የተከለለች የውቢት ምግብ ቤት አለች። ሆዱ በስኳርና በዳቦ ተነፍቷል፤ ግን ርቦታል። ከአጥሩ ውጭ የሽንኩርትና የቃሪያ ሽታ ሲቀበለው እርምጃውን አፈጠነ።

"ውቢት፣ ጥብስ! ሚጥሚጣ እንዳትረሺ!" እያለ ገባ።

ጥግ ላይ ጋቢውን እስከ ግንባሩ የተከናነበ አንድ ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ሰውዬው ድምፁን ሲሰማ ጉርሻው አየር ላይ ቆመ።

"አቶ አዝመራው?"

አቶ አዝመራው ጋቢያቸውን ቀስ አድርገው ገለጡ። "መኪናው እስኪሞላ ብዬ ነው" አሉ። ከዚያ ዓባይነህን ከላይ እስከ ታች አዩት። "እርካብ የሚሸጠው እዚህ ነው?"

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ ውቢትም መመስከር አልቻለችም። አቶ አዝመራው ጥብሱ አንቋቸው ውኃ እስኪጠጡ ሳቁ፤ ዓባይነህ አጠገባቸው መደቡ ላይ ዘፍ ብሎ በነጠላው እንባውን ጠረገ።

"እኔ እኮ እርስዎ ሲያጣጥሙ አይቼ ነው ግሩም ያልኩት!" አሉ አቶ አዝመራው።

"ምን ማጣጣም አለ? ያ አይብ ላንቃዬ ላይ ተለጥፎብኝ ነው!"

"ታዲያ ያጎረሱኝስ?"

"ጉርሻው በፍቅር ነው" አለ ዓባይነህ። ትንሽ አሰበና "ማራገፍም አለበት" አለ። "እርስዎስ ሦስተኛዋን ማን ለመነዎት?"

ከአንድ ሰሃን በሉ። ሰሃኑ ሳይጋነን ሙሉ ነበር። ሳቃቸው ሲበርድ ግን የሠርጉ ነገር ትዝ አላቸው፤ አንተ ትብስ አንተ ትብስ ተጀመረ። አንደኛው "እርስዎ ይንገሯቸው" ይላል፤ ሌላው "ኧረ እርስዎ ታላቅ ነዎት" ይላል። በዚህ መሐል መቼ እንደሆነ ሳያውቁት "እርስዎ" ቀርቶ "አንተ" ተባባሉ። በመጨረሻ አቶ አዝመራው "ልጅቱ ያንተ ናት። ወንዱን እኔ እችለዋለሁ፤ ሴቷን አንተ ንገር" ብለው ወደ ሚኒባሳቸው ሄዱ።

በማግስቱ እሑድ ማስተዋል ጥጃ ልታይ መጣች። ላሟ ሌሊቱን በሰላም ተገላግላለች። ማስተዋል ለእናቷ ከ"ሙሉ ሰሃን" አንድ በርገር በካርቶን አስጠቅልላ ይዛለች።

ማናለብሽ ገመጠችው። አኘከችው። ወደ ውጭ አየችና መልሳ ወደ ልጇ ዞረች። "ልጄ፣ ይኼ ጥርስ ለሌለው ሰው ነው የተሠራው?" አለች።

"እማዬ ደግሞ! አባዬና አቶ አዝመራው እኮ ተሻምተው ነው የበሉት!"

ማናለብሽ ወደ ባሏ ዞረች። "ዓባይነህ?"

ዓባይነህ ጥጃዋን ተመለከተ፤ ከጥጃዋ ርዳታ አላገኘም። ላብ ላብ አለው። በአማርኛ ለማመስገን የለመደው አፉ አላስኬድ ሲለው ልጁን በልጅነቷ ያናግርበት ወደነበረው አገውኛ ዞረና "አልወደድኩትም" አላት።

ማናለብሽ በርገሩን አስቀመጠች።

"ምን አልክ?" አለች ማስተዋል።

"አልወደድኩትም፤ አዝመራውም አልወደደውም። ስንጎራረስ የነበረው ከፊታችን እንዲነሣልን ነው።"

ማስተዋል ፊቷ ቀላ። ከዚያ እንደ ዳኛ ቀና ብላ ተቀመጠች። "ለገና የገዛሁልህ ኮትስ? እሰይ ብለህ ነበር።"

"ብብቱ ያንቀኛል።"

"ኮሌጅ እያለሁ መጥቼ የሠራሁልህ ዶሮስ?"

"አሮ ነበር፤ ልጄ።"

"ሁለት ጊዜ ጨመርኩልህ እኮ!"

"አዎ" አለ ዓባይነህ በሐዘን።

ማናለብሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ማስተዋል ግን አልሳቀችም። ድምፏ ዝቅ አለ። "ብሥራትስ? እሱንም እንደ ዶሮው ነው የተቀበልከው?"

ዓባይነህ ይህን አልጠበቀም። ልጁ ፊት ላይ ያየው ነገር አስደነገጠው። አንዲት እውነት ቢናገር የዕድሜ ልክ ምስጋናው ሁሉ ሊናድበት ነው። እጇን ያዘ።

"ስሙን የነገርሽኝ ቀን ምን አልኩሽ?"

"ምንም አላልክም። ተነሥተህ ወጣህ። ተቆጥተህ መስሎኝ አለቀስኩ።"

"እኔም ፈረሱ ጋ ሄጄ ሳለቅስ ነበር። ከልቤ ደስ ያለኝ ቀን አፌ አይታዘዘኝም። ያ ልጅ አንቺ ስትናገሪ እጁን ከሥራው አንሥቶ ይሰማሻል። ስልኬን ሊጠግንልኝ ሱቁ የመጣን ዕለት አይቼዋለሁ። እንዲህ የሚሰማ ወንድ በኛ ቤት የለም።"

"አንተ ትሰማ የለም እንዴ?" አለች ማስተዋል።

"እኔ የምሰማው ፈርቼ ነው።"

"ይኼስ እውነት ነው" አለች ማናለብሽ።

ያኔ ማስተዋል ሳቀች። ሳቋ ከእንባ ጋር ተደባልቆ ነበር፤ ትንሽ ኩርፊያም ቀርቶበት ነበር። እንደ አባቷ ሳይሆን እንደ እናቷ ናትና ስትወጣ በር ላይ ቆማ "እኔ ግን በርገሩን እወደዋለሁ። እንዳልወደው አታደርጉኝም" አለች።

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ዘንገና በተተከለ ሰፊ ድንኳን ሆነ። በሬ ታረደ፤ ዶሮው በየድስቱ ተሠራ፤ ድንቹ ከዓባይነህ ጓሮ ነበር። ጥግ ላይ ግን ለሙሽሮቹ ጓደኞች ተብሎ የ"ሙሉ ሰሃን" ጠረጴዛ ቆመ፤ ፀደይ ቀይ ኮፍያዋን አድርጋ ታስተናግድ ነበር። ዓባይነህና አቶ አዝመራው ያንን ጥግ እንደ ኃይለኛ ውሻ በሩቁ ዞረው ሲያልፉ ዋሉ። ከጥሊሊ የመጣው የማናለብሽ ወንድም መሳፍንት ግን አንዱን ቀመሰ፤ ሁለተኛውን ጠየቀ፤ ሌላውን ለመንገድ ብሎ በወረቀቱ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። "እናንተ ስለ ምግብ ምን ታውቃላችሁ?" አላቸው።

ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ ሊጠይቁ ሲመጡ ማስተዋል እናቷን አስቀምጣ ራሷ ዶሮ ሠራች። አቀረበችና ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ አየችው። ብሥራትም አየው። ዓባይነህ ጎረሰ፤ አኘከ፤ ዋጠ። ግንባሩ ላይ የላብ ጠብታ ብቅ አለ።

"ጨው ጎድሎታል" አለ።

ማስተዋል ሽልማት እንደተቀበለ ሰው ብድግ ብላ ጨው ልታመጣ ሮጠች።

ማናለብሽ ይህን ስታይ ወደ ባሏ ጠጋ አለች። "እንግዲህ አፍህ ከተፈታ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከተጋባን ጀምሮ የሠራሁልህ ወጥስ እንዴት ነው?"

ዓባይነህ ጉርሻውን አስቀመጠ። ሚስቱን አየ፤ አማቹን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ነጠላውን አስተካከለና ፈረሱ ውኃ ጠጥቶ እንደሆነ ሊያይ ወጣ።